«ልጄ፣ ትንሽ ነገር ላስቸግርህ»፦ የሃይማኖት አባቶች በሙያችን ሲመጡብን (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጅማ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰብኝን አንድ ነገር ለጓደኞቼ አውርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነርሷም፣ መሐንዲሱም፣ የባንክ ሠራተኛውም ወደ ጎን ወሰድ ያደርጉኛል። «አንተም ላይ ደርሷል አሉ፣ እስቲ ምን ይሻለኛል?» ጥያቄው ሁሌ ስለሚመሳሰል አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኩት። ከጠያቂዎቹ መሃል ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም አለ። ስለዚህ ማንም «የእነ እንትና ነገር» ብሎ እንዳያልፈው። ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ቆርጬ አስቀርቻለሁ።

ለመሆኑ ስለ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምናወራው?

የሰው የምርመራ ውጤት ንገሪኝ። የእነ እንትናን አካውንት እይልኝ። ይቺን ደረሰኝ አወራርድልኝ። ልጁ ፈተና ወድቋል፣ አንድ ነገር አድርግለት። ካርታው ሳይወጣ ግንባታውን ፍቀድልን። የደወለችበትን ቁጥር ከሲስተሙ አውጣልኝ። ስብሰባ አለብን፣ ለወጣቶቹ የሕመም ፈቃድ ጻፊላቸው።

ማንም ሰው «ሙያህን አላግባብ ተጠቀምልኝ» ብሎ አይመጣም። የሚመጣው «ልጄ፣ ትንሽ ነገር ላስቸግርህ» ተብሎ ነው።

ሙያዬን ለእምነቴ ባውለው ምን ነውር አለው?

ኧረ ምንም! እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ነው። ጅማ የባለሙያ ከተማ ናት። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከመሆናቸው በፊትም ከተማዋ ነርስ፣ ሐኪምና የግብርና ባለሙያ ስታወጣ ነው የኖረችው። የትኛውም መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ብትገባ አንድ የላብራቶሪ ሰው፣ አንድ ሒሳብ አዋቂ፣ አንድ የግንባታ ሰው አታጣም። በነፃ ደም ግፊት ይለካሉ፣ የአጥሩን ንድፍ ይሠራሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወይም የመድረሳውን መዝገብ ይይዛሉ። ይሄ የእነሱ ጊዜና ጉልበት ነው፣ ለፈለጉት ይስጡት።

ችግሩ የሚመጣው የምትሰጠው ነገር የሌላ ሰው ሲሆን ነው። የበሽተኛው ምስጢር የአንተ አይደለም። የደንበኛው ሒሳብ የአንተ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ኪስህ ውስጥ ስላለ ብቻ የአንተ አይሆንም። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄን ነገር ባለቤቱ ፊት ቆሜ አደርገዋለሁ? ካላደረግኩት ሰው ያመነኝን ነገር ነው አሳልፌ የምሰጠው። ሙስሊም ጓደኛዬ በአንድ ቃል ነው የሚጨርሰው፦ «አማና ነው» ይላል፣ አደራ ማለቱ ነው። አማና ደግሞ ለባለቤቱ ነው የሚመለሰው፣ ቁርኣን ሱረቱ ኒሳእ 58 ላይ በግልጽ አለ።

አንተ ላይ ግን ምን ደረሰ?

ሰኔ ነበር። የጅማን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ያለው ይመስል ይመጣል። የምሄድበት የአምልኮ ቦታ ጣሪያው በአዲስ ተቀይሮ ነበርና እኔ የኮሚቴው ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ በነፃ። የትኛው እምነት እንደሆነ አልናገርም። አባታችን ቤታቸው ጠሩኝ። ቡና ተፈላ። አቦሉ ላይ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ቶናው ላይ ስለ ሥራዬ። በረካው ላይ ከጋቢያቸው ሥር አንድ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ።

180 ቆርቆሮ ይላል። እኔ ደግሞ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ጣሪያውን ከታች ሆኜ ቆጥሬዋለሁ፣ 120 አይሞላም። ዓይኔን ሲያዩ ገባቸው። «ልዩነቱ ባሏ ለሞተባት ለእገሊት መታከሚያ ነው የሄደው። በስሟ ብናወጣው ታፍራለች፣ አንተ አወራርድልኝ» አሉኝ። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ በእርግጥም ታማ ነበር። ደግሞ ቡናቸውን ጠጥቼ፣ መርቀውኝ፣ ውጭ ዝናቡ እያወረደው፣ እንዴት ብዬ ነው አይሆንም የምለው? ፈረምኩ።

በጥቅምት ተመልሰው መጡ። አሁን የፈለጉት የሦስት ዓመት የሒሳብ ሪፖርት ነው፣ ለብድር፣ በእኔ ፈቃድና ማኅተም። ሰነዱ የለም፣ ከየትም አይመጣም፣ በአጭሩ ፈጥረህ ጻፍ ነው ነገሩ። እምቢ ስላቸው የተናገሩት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «የቆርቆሮውን ጊዜ እኮ እምቢ አላልክም።» የሴትዮዋ ጉዳይ እውነት ይሁን አይሁን ዋጋ አጣ። የመጀመሪያዋ ፊርማ ለሁለተኛው መያዣ ሆናብኛለች።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ፓስተራችን ሊጋቡ ያሉ ልጆችን የኤችአይቪ ውጤት ቀጥታ ለእሳቸው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ለልጆቹ ብለው እኮ ነው?

ለልጆቹ ብለው ሊሆን ይችላል። ግን መንገዱ ይሄ አይደለም። ከጋብቻ በፊት ተመርመሩ ማለት በብዙ ቤተ እምነት የተለመደ ነገር ነው፣ ክፉም አይደለም። ውጤቱ ግን የተመርማሪው ነው። ለልጅቷ ትሰጫታለሽ፣ ለልጁ ትሰጪዋለሽ፣ እነሱ ደግሞ ፈልገው ከሆነ ራሳቸው ይዘውላቸው ይሄዳሉ። አንቺ በስልክ ሹክ ካልሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አስቢው፣ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ፈረንጅ አራዳ የተነገረ ነገር ባጃጅ ተሳፍሮ መርካቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ለመመርመር ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስበው የአንቺን ፊት ነው። ይቀራል።

እሳቸውን ደግሞ ይሄን አስታውሺያቸው፦ የንስሐ አባት የሰማውን ምስጢር ያወጣል ወይ? አያወጣም። ፓስተርም በምክር ክፍል የሰማውን አያወራም። ያንቺም ክፍል እንደዚያው ነው።

«ተፈውሳለች» የሚል ወረቀት እንድጽፍ የተጠየቅኩ ሐኪም ነኝ።

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። አንዲት ሴት መድረክ ላይ ወጥታ ትመሰክራለች፣ ወረቀቱ በካሜራ ይታያል፣ ማኅተሙም የአንተ ነው። እሷ ብቻ ብትሆን እንኳ ክፉ ነው። ግን ወረቀቱን ያዩ ሌሎች መቶ ሰዎች አሉ፣ ከእነሱ መሃል መድኃኒቱን እቤት አስቀምጦ የሚተወው ማን እንደሆነ አታውቅም። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። የስኳርና የሚጥል በሽታም ላይ ማቋረጥ ቀናት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

እምነትና ሕክምና መጣላት የለባቸውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን እንጦጦ ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ አይጋጩም ብለው በይፋ ተናገሩ። አባት ሲባል እንዲህ ነው። አንተም ለጠየቁህ ሰው ይሄን ብለህ መልስ፦ «ትጸልይ፣ እኔም እመረምራታለሁ፣ ውጤቱም የሚሰጠው ለእሷ ነው፣ ወረቀቱ ያገኘሁትን ብቻ ይላል።»

ባንክ ነው የምሠራው። አሥራት በትክክል የሚያወጣውንና የማያወጣውን ለማወቅ የአባላትን ሒሳብ እንዳይ ተጠየቅኩ።

አይሆንም። በቃ። የባንክ ሲስተም ማን የማንን አካውንት መቼ እንደከፈተ ይመዘግባል፣ ስለዚህ «ማንም አያውቅም» የሚለውን እርሳው። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥሩ 1321 ነው። ሕጉን ተወውና ደግሞ፣ አሥራት የሚሰጠው ሰው በፈቃዱ ነው። በሰላይ የተሰበሰበ አሥራት ግብር ነው የሚባለው።

መሐንዲስ ነኝ። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ፎቁን አጽድቅ ተባልኩ፣ «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» አሉኝ።

ጅማ ውስጥ ነው እንዲህ የሚሉህ? የዓመቱን ግማሽ በላይ ዝናብ በሚዘንብበት፣ አዌቱ ወንዝ በሚሞላበት፣ ቦዬ ረግረግ በኩል እግርህ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚሰምጥበት ከተማ? የሕንፃ አዋጅ አለ፣ የፈረመ ባለሙያ ይጠየቃል። እሳቸው ግን አዋጅ ካልወደዱ ኦሪት ዘዳግም 22፥8ን አንብብላቸው። አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን በጣሪያህ ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። እግዚአብሔር ራሱ መከታ ሥሩ ካለ እሳቸው አፈሩን ላለማስመርመር ከየት አመጡት?

ደግሞ የአምልኮ ቤት ከመኖሪያ ቤት ይለያል። በዓል ቀን ስንት ሰው እንደሚታጨቅበት እኔም አንተም እናውቃለን።

ቡና ጥራት ላይ ነኝ። ገቢው ለመስጊድ ግንባታ ስለሆነ ደረጃውን ትንሽ ከፍ አድርጊው አሉኝ።

የቡና ደረጃ በጉድለት ቆጠራና በስኒ ቅምሻ ነው የሚወጣው፣ የቡናው ባለቤት ማን እንደሆነ ስኒው አያውቅም። አንቺ ከፍ ያደረግሽው ደረጃ ከአንድ ገዢ ኪስ ነው የሚወጣው። ያ ሰው ለመስጊዱ ልስጥ አላለም። ቁርኣን ሙሉ ሱራ የሰጠው ነገር ነው፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን በሚዛን ለሚያጎድሉት ወዮላቸው ብላ ነው የምትጀምረው። ለኡስታዙ ይህችን ብቻ በይው፣ ከአንቺ ይልቅ እሱ ያውቃታል።

በነገራችን ላይ ይሄ ጥያቄ የደረሰኝ ከቤተ ክርስቲያን ሰውም ነው፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት።

እምቢ ብል ይረግሙኛል፣ ይገዝቱኛል ብዬ እፈራለሁ።

ይሄን ፍርሃት ማንም እንዳይስቅበት። አንዳንድ ሰው «እርግማን ብሎ ነገር የለም» ብሎ ያልፈዋል። እናቴ ግን እኔ እምቢ ያልኩ ጊዜ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። «የአባቶችን ቃል አጥፈህ የት ልትደርስ ነው?» አለችኝ። እርግማኑ እኔን ባያስፈራኝ እንኳ የእሷ ማልቀስ አስፈርቶኛል።

እኔን የረዳኝ እዚያው እምነት ውስጥ ካሉ ሌላ ትልቅ ሰው ጋር መሄዴ ነው። አዛውንት ናቸው፣ ጅሬን አካባቢ ይኖራሉ። ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ ስለ ዕብራውያን አዋላጆች ነገሩኝ፣ ዘጸአት ምዕራፍ 1። ፈርዖን ወንድ ልጅ ሲወለድ ግደሉ አላቸው። አዋላጅ ናቸው፣ እጃቸው ላይ ነው የሚወለደው፣ ማንም ሳያይ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። አላደረጉም። እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው ይላል። «በሙያቸው ክፉ ሥሩ ተብለው እምቢ ያሉ ሰዎችን እግዚአብሔር ቤት ሠራላቸው እንጂ አልረገማቸውም» አሉኝ። ሽማግሌው በማግስቱ እናቴ ጋር መጥተው ቡና ጠጡ። ከዚያ በኋላ ነው እሷም የተረጋጋችው።

ግዝት ኃጢአት እንዲቆም ነው እንጂ እንዲሠራ አይደለም። በእስልምናም ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለም። የጠየቁህ ሰው ይሄን ያውቃሉ። ስለዚህ ብቻህን አትቀመጥ፣ ከእሳቸው የሚበልጥ ወይም የሚስተካከል ሰው ፈልግ።

«አባታችን አዘውኝ ነው» ብል ፍርድ ቤት ያድነኛል?

አያድንህም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የፈረመውን ነው የሚይዘው፣ የሃይማኖት አባት ትእዛዝ መከላከያ አይሆንም። እሳቸውም በአነሳሽነት ሊጠየቁ ይችላሉ፣ ግን ማስረጃው የት አለ? ቡና ላይ የተባለ ነገር ነው። የአንተ ፊርማ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣ ሰው ይቀጣል ይላል፣ ከተዘረዘሩት ባለሙያዎች ውስጥ ደግሞ የሃይማኖት አገልጋዮችም አሉ። እነሱም እንደኛው ምስጢር ጠባቂ ናቸው ማለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ለሆንክ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 አለ። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። የማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛህ ላይ ስትቀመጥ ያ አንቀጽ አብሮህ ተቀምጧል።

አጋነንከው። ከአንዲት ደረሰኝ ተነስቶ ምን ሊመጣ ነው?

ብዙ ጊዜ ምንም አይመጣም፣ እውነት ነው። ግን እስከ የት እንደሚሄድ ሌላ አገር ታይቷል። ጃፓን ውስጥ ኦም ሺንሪክዮ የሚባል ቡድን ነበር። ኬሚስቶች ነበሩት፣ ሳሪን የሚባለውን የነርቭ መርዝ ሠሩለት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1995 ቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት አስገብተው በጃንጥላ ጫፍ በሱት። ከበሱት አንዱ ኢኩኦ ሃያሺ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ራጅኒሽ የሚባል ሕንዳዊ መንፈሳዊ መሪ ተከታዮች የአካባቢ ምርጫ ለማሸነፍ ብለው በምግብ ቤቶች ሰላጣ ላይ ሳልሞኔላ ጨመሩ፣ 751 ሰው ታመመ። ባክቴሪያውን በማራባቱ ሥራ የነበረችበት የገዛ ጤና ክፍላቸውን የምትመራ ነርስ ናት።

የኛ አባቶች እንደዚህ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ማንም እንዳያጣምምብኝ። እኔን የገረመኝ ሐኪሙ ነው። የሰው ልብ ከፍቶ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ተነስቶ መርዝ አልያዘም። በየደረጃው ሲታዘዝ ቆይቶ ነው እዚያ የደረሰው።

እሺ፣ እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምለው? ይሉኝታው ይገለኛል።

እኔንም ገድሎኝ ነበር። የተማርኩትን ልንገርህ። እዚያው አትመልስ። ቡናው ላይ፣ ምርቃቱ ላይ፣ ሰው ፊት መልስ ከሰጠህ እሺ ነው የምትለው። «አባቴ፣ ነገ ልምጣ» ብለህ ውጣ። ነገ ስትሄድ ቆመህ ተናገር፣ ከተቀመጥክ ቡና ይቀርባል።

ቃሉ አጭር ይሁን። «ይሄንን ማድረግ አልችልም፣ የሰው አደራ ነው። ሌላ በሙያዬ የምረዳው ካለ ግን ዛሬውኑ እጀምራለሁ።» ሁለተኛዋን ክፍል አትርሳት፣ በእውነትም የምታደርገውን ነገር ስጣቸው። መድረሳው ሒሳብ መያዣ ከሌለው ያዝላቸው። ያቺ የታመመች ሴት እርዳታ ከፈለገች በግልጽ መዋጮ አስጀምር። እኔ የቆርቆሮውን ጊዜ እንዲህ ብል ኖሮ በአንድ ቅዳሜ 60 ቆርቆሮ የሚገዛ ብር ይዋጣ ነበር፣ የጅማን ሰው አውቀዋለሁ።

«አለቃዬ አይፈቅድም»፣ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» የሚሉ ሰበቦች ለአንድ ሳምንት ይሠራሉ። ሲስተሙ ሲስተካከል ተመልሰው ይመጣሉ።

አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። አሁንስ?

እኔም አድርጌያለሁ፣ ስለዚህ ጻድቅ መስዬ አልመልስልህም። መጀመሪያ አቁም። ሁለተኛ፣ ማን ተጎዳ ብለህ ጠይቅ። የበሽተኛ ምስጢር አውጥተሽ ከሆነ የሕክምና ሥነ ምግባር የሚያውቅ ሰው ወይም ጠበቃ አማክሪና የምስጢሩ ባለቤት ራሷ እንድታውቅ አድርጊ። ስታውቅ ትቆጣለች፣ መብቷ ነው። ገንዘብ ከሆነ መዝገቡ ይስተካከል። እኔ ለኮሚቴው በጽሑፍ አስታወቅኩ፦ ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥርና ጣሪያው ላይ ያለው ቁጥር አይገጥምም፣ እያወቅኩ ፈርሜያለሁ ብዬ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፣ ለመጻፍ አራት ወር ፈጀብኝ። ከተቆጣጣሪነት ለቀቅኩ።

ምን ሆነ? ብዙም አልሆነም። ልዩነቱ «የእርዳታ ወጪ» ተብሎ ተስተካከለ፣ አባታችን ለሁለት ወር ሰላምታ ነሱኝ።

ስሜ ሳይወጣ መጠቆም እችላለሁ?

የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ግን በዋናነት ለከባድ ወንጀሎች ነው፣ ለየሰፈሩ ደረሰኝ ብዙ አትመኩበት። ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ፣ እንደ ሕንፃው ወይም እንደ መድኃኒቱ፣ አትጠብቅ፣ የሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ሂድ። ሌላው ላይ ግን መጀመሪያ በራሱ በእምነቱ መዋቅር ብትሞክረው ይሻላል፣ በየደረጃው የበላይ አካል አለው። በጽሑፍ አስገባ፣ ቀን ጻፍበት፣ ቅጂ ያዝ።

አሁንም እዚያው ትሄዳለህ?

እሄዳለሁ። የእምነት ቤቴ እኮ ነው፣ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እንደ ድሮው ፊት አልቀመጥም፣ በር አካባቢ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አባታችን በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኳቸው።